የሬሜዲዮስ ወንበሮች

ማርጆሪ ኢዲት ክሌግ ሐሙስ፣ ጁን 15 ቀን 2017፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቤናልፋራ በምትባል የስፔን መንደር፣ በማግሥቱ ልትገዛው በተዘጋጀችው ቤት መግቢያ ቆማ ከታናሽ እኅቷ ከግሌኒስ ጋር ስለ ወንበር ትከራከር ነበር። እኅትማማቾቹ የእንግሊዟ የሮችዴል ተወላጆች ናቸው። ማርጆሪ ዕድሜዋን በሙሉ ሰው መኪና መንዳት ያስተማረች ሴት ናት፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ታስተምራለች። ግሌኒስ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እርሷም ሥራዋን በግማሽ ቀንሳለች። የእናታቸውን ቤት ሸጠው ገንዘቡን አንድ ላይ አድርገዋል። ሐሳባቸው የብርዱን ወራት እዚህ ማሳለፍ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ቤቱን ለእንግዳ አከራይተው በኪራዩ መደጎም ነው። የግሌኒስ ደረት የሮችዴልን እርጥበት መቋቋም ካቃተው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የቤቱ ባለቤት ሴኞራ ሬሜዲዮስ ከመፈረማቸው በፊት ኖረው እንዲያዩት ብላ ቤቱን ለሳምንቱ ለቅቃላቸው፣ ወንድ ልጇ ቪሴንቴ ዘንድ፣ ከጎን ባለው ቤት ገብታለች።

(በመግቢያው ግድግዳ ሥር ሃያ ያህል የሚታጠፉ የእንጨት ወንበሮች ተደርድረዋል። የመንገዱ መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል። ከውጭ አንድም ድምፅ አይሰማም።)

ማርጆሪ፦ እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማነው የመለሳቸው?

ግሌኒስ፦ ምኖቹን?

ማርጆሪ፦ ወንበሮቹን ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ስለ ምን የምናወራ መሰለሽ?

ግሌኒስ፦ እኔ ስለ ምሳ መስሎኝ።

ማርጆሪ፦ ሰኞ ማታ አስወጣኋቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ናቸው። ማክሰኞ አስወጣኋቸው፤ ረቡዕ እዚሁ ናቸው። ትናንት አስወጣኋቸው፤ ይኸው ዛሬም ተሰልፈው ያዩኛል። ወንበር እግር አለው ተባለ እንጂ ይሄዳል አልተባለም!

ግሌኒስ፦ ያቺ ጥግ ያለችው እኮ ሦስት እግር ብቻ ነው ያላት፣ እታለም።

ማርጆሪ፦ ግሌኒስ! ከመንገድ አትውጪ። አንቺ ነሽ ያስገባሻቸው?

ግሌኒስ፦ እኔ አንዷን ብቻ ነው ያስገባሁት።

ማርጆሪ፦ አንዷን? የቷን?

ግሌኒስ፦ የተቀመጥኩባትን። የቀሩትን የተቀመጡባቸው ሰዎች ራሳቸው አስገቧቸው።

ማርጆሪ፦ የትኞቹ ሰዎች?

ግሌኒስ፦ የመንገዱ ሰዎች። ሁሉም መቀመጫውን ራሱ ነው የሚመልሰው። በጣም ሥርዓት አላቸው።

(ማርጆሪ እኅቷን ትክ ብላ ታያለች። የግሌኒስን ግንባር በመዳፏ ትነካለች። ወደ ማድ ቤት ገብታ እርጥብ ፎጣ ይዛ ትመለስና የግሌኒስ ራስ ላይ ታደርጋለች።)

ግሌኒስ፦ ኧረ ቀዘቀዘኝ!

ማርጆሪ፦ ይቀዝቅዝሽ። ፀሐይ መትቶሻል። ኮፍያ አድርጊ ስልሽ ፀጉሬ ይጨፈለቃል ትያለሽ። ይኸው አሁን የሌለ ሰው ማየት ጀመርሽ።

ግሌኒስ፦ አሉ እኮ። ፋርማሲስቷ አለች፣ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ መንታ የወለደችዋ ልጅ አለች...

ማርጆሪ፦ እሺ፣ ቀስ። ፍሬን ያዢ። ተቀመጪ።

ግሌኒስ፦ የት?

ማርጆሪ፦ ወንበር ላይ ነዋ!

ግሌኒስ፦ (ትቀመጣለች) አየሽ፣ ጠቀሙሽ።

ማርጆሪ፦ አሁን እኔ ስጠይቅሽ በአንድ ቃል ብቻ መልሺ። ይህን ቤት ስንት ጊዜ መጥተን አየን?

ግሌኒስ፦ ሦስት።

ማርጆሪ፦ በሦስቱም ጊዜ በመንገዱ ላይ ማንን አየን?

ግሌኒስ፦ ድመት።

ማርጆሪ፦ ድመቷስ ምን ታደርግ ነበር?

ግሌኒስ፦ ተኝታ ነበር። ግን እታለም፣ ሦስቱንም ጊዜ የመጣነው ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ አገር ሁሉም...

ማርጆሪ፦ በአንድ ቃል አልኩሽ! ጤነኛ ሰው በጠራራ ፀሐይ አይተኛም። ሰው ያላየነው ሰው ስለሌለ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ገብቷል፣ ሽማግሌው አርፏል። ምግብ ቤቱንስ አላየሽም? እሑድ ዕለት በራት ሰዓት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሄድን፤ ዝግ! በራት ሰዓት የሚዘጋ ምግብ ቤት የከሰረ ምግብ ቤት ነው።

ግሌኒስ፦ ባለቤቱ በመስኮት አይቶን ነበር እኮ። በፒጃማ ነበር።

ማርጆሪ፦ ይኸውልሽ! የሚለብሰው እንኳ የለውም ምስኪን።

ግሌኒስ፦ ማታ ግን ከረባት አድርጎ ነበር። አንድ ሳህን የወይራ ፍሬ ሰጠኝ።

ማርጆሪ፦ (ፎጣውን ገልብጣ ቀዝቃዛውን ወገን ትመልስባታለች) ዐይንሽን ጨፍኚ። የምንሸጠውን ነገር ልንገርሽ፤ ምናልባት ልብሽ ይመለስ ይሆናል። የምንሸጠው ዝምታ ነው። ማስታወቂያውን ጽፌዋለሁ። (ከኪሷ ወረቀት አውጥታ በመምህር ድምፅ ታነባለች) «ፍጹም ዝምታ። በመንገዱ ላይ ነፍስ የለም። በሩ ዘወትር ይቆለፋል፤ ቁልፉ በቁጥር በሚከፈት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ከመጡበት ቀን እስከሚሄዱበት ቀን ድረስ ማንንም ሰው ማነጋገር አያስፈልግዎትም።»

ግሌኒስ፦ የመቃብር ቦታ ነው የምናከራየው?

ማርጆሪ፦ ጨዋ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው።

ግሌኒስ፦ እስካሁን ስንት ጨዋ ጠየቀ?

ማርጆሪ፦ ... አንድ።

ግሌኒስ፦ ጥሩ ነው። ምን አለ?

ማርጆሪ፦ መንገዱ ላይ ነፍስ ከሌለ መለከት መለማመድ ይፈቀዳል ወይ አለ።

ግሌኒስ፦ (በፎጣው ሥር ትስቃለች)

ማርጆሪ፦ አትሳቂ፤ ደም ወደ ራስሽ ይወጣል። አሁን ወደ ወንበሩ እንመለስ። ይህ የሴትዮዋ ብልጠት ነው። አሮጌ ዕቃዋን እኛ ላይ ልትጥል ነው። ዕቃ ያለበት ቤት ባዶ ቤት አይባልም፤ ባዶ ያልሆነን ቤት ደግሞ ማርጆሪ ክሌግ አትገዛም። ነገ ጠዋት እነዚህ ወንበሮች እዚህ ቆመው ካገኘኋቸው ውል አዋዋዩ ዘንድ አልሄድም። አልፈርምም።

(ግሌኒስ ፎጣውን ከራሷ ታነሣለች። ፈገግታዋ ጠፍቷል።)

ግሌኒስ፦ አትፈርሚም?

ማርጆሪ፦ አልፈርምም። ወደ ሮችዴል እንመለሳለን።

ግሌኒስ፦ ወደዚያ ግድግዳው በእርጥበት ወደሚያለቅስ ቤት?

ማርጆሪ፦ መርሕ መርሕ ነው።

ግሌኒስ፦ እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመጣን ጀምሮ ስንት ጊዜ አሳልኩ?

ማርጆሪ፦ እኔ እንጃ። አልሰማሁሽም።

ግሌኒስ፦ አልሰማሽኝም፣ ምክንያቱም አላሳልኩም። እኔ እኮ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምወጣው። በወንበር ምክንያት አትመልሽኝ።

(ማርጆሪ ፎጣውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ልቧ ክፉ አይደለም፤ ችግሯ ጆሮዋ ነው።)

ማርጆሪ፦ እኔ መቼ ልመልስሽ ፈለግኩ? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የምጠነቀቀው። የእናታችን ቤት ገንዘብ ነው እጃችን ላይ ያለው። ለዚያ ነው ለዚያ ሰውዬ ዛሬም እንደገና የምነግረው።

ግሌኒስ፦ ለቪሴንቴ?

ማርጆሪ፦ ለቪሴንቴ። አንዱ ጎበዝ እሱ ነው። ቋንቋ አንፈልግም እኮ! ወንበሮቹን በጣቴ አሳየሁት፣ በሩን በጣቴ አሳየሁት። ወዲያው ገባው። «ሲ፣ ሲ፣ ሴኞራ!» እሺ፣ እሺ ብሎ ደረቱን መታ። ሲያወጣቸውም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ሁለቱን በብብቱ ይዞ። ከዚያ ልቤ ዐረፈና ተኛሁ።

ግሌኒስ፦ በሁለት ሰዓት።

ማርጆሪ፦ በሁለት ሰዓት። ሰው እንደሚተኛው።

ግሌኒስ፦ ጆሮሽን በሰም ደፍነሽ።

ማርጆሪ፦ አባታችን ያንኮራፋ ከነበረ ጊዜ ጀምሮ የያዝኩት ልማድ ነው፤ ምን አገባሽ?

ግሌኒስ፦ በጓሮው ክፍል፣ ዐይንሽን በጨርቅ ሸፍነሽ።

ማርጆሪ፦ አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትታጠፊው? ምልክት አሳዪ።

ግሌኒስ፦ የትም አልታጠፍኩም። ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። ለቪሴንቴ ብስኩትም ሰጥተሽዋል አይደል?

ማርጆሪ፦ በየቀኑ፤ ከቤት ያመጣሁትን የቅቤ ብስኩት ከነቆርቆሮው። የደከመ ሰው መመስገን አለበት።

ግሌኒስ፦ ሁሉም ወዶታል። ፋርማሲስቷ ከምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ።

ማርጆሪ፦ የሌለችዋ ፋርማሲስት?

ግሌኒስ፦ ያለችዋ። ብራድፎርድ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ትናንት ፀጉሯን ቆረጥኩላት።

ማርጆሪ፦ የት?

ግሌኒስ፦ በሩ ላይ። በወንበራችን ላይ አስቀምጬ።

ማርጆሪ፦ (ወደ ጣሪያው እያየች) እማዬ፣ አደራ ያልሽኝ ልጅ ይኸው አበደችልሽ።

(ማርጆሪ ወደ ግድግዳው ትሄዳለች። በመስኮቱ አጠገብ ያለ ስንጥቅ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች።)

ማርጆሪ፦ ደግሞ ሴትዮዋን አልፈራትም። ይህን ታያለሽ?

ግሌኒስ፦ ግድግዳ።

ማርጆሪ፦ ስንጥቅ! ሰኞ ደላላው ቆሞ ሳለ ጣቴን እዚህ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማክሰኞ ጠዋት ምን ሆነ?

ግሌኒስ፦ ዋጋው ወረደ።

ማርጆሪ፦ ዋጋው ወረደ! ደላላው ራሱ በድንጋጤ ነው የነገረኝ። ከእኛ በፊት ሊገዛ ለመጣው ለሆላንዱ ሰውዬ አላወረደችም፣ ለጀርመኖቹ ባልና ሚስት አላወረደችም፤ ለእኔ አወረደች። ድርድር ማለት ይህ ነው፣ ግሌኒስ። ዕወቂበት።

ግሌኒስ፦ እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር...

ማርጆሪ፦ ነገ ትነግሪኛለሽ። ዛሬ አልተኛም። ሰም የለም፣ ጨርቅ የለም። ቪሴንቴ ያወጣቸዋል፤ እኔ እዚህች ጥግ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ የሚመልሳቸውን ሌባ በእጄ እይዘዋለሁ።

ግሌኒስ፦ ዕቃ የሚመልስ ሌባ?

ማርጆሪ፦ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ጃንጥላዬን አምጪልኝ።

(ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለቱ እኅትማማቾች የታሸገ ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ ከበሉ ቆይተዋል። የጁን ቀን እዚህ ረጅም ነውና ፀሐይ ገና ኮረብታው ጫፍ ላይ ናት። ማርጆሪ ከካፖርት መስቀያው ኋላ ጃንጥላዋን እንደ ጠመንጃ ይዛ ተቀምጣለች። ግሌኒስ በመስተዋት ፊት ከንፈሯን ቀለም ትቀባለች።)

ማርጆሪ፦ ለማን ነው የምትኳኳይው?

ግሌኒስ፦ ለዳቦ ጋጋሪው እናት። እሷ ካልተቀባሁ ታመመች ትለኛለች።

ማርጆሪ፦ እሽ! ዝም በይ። ድምፅ ሰማሁ።

(ከውጭ የመስኮት መዝጊያ ወደ ላይ ሲጠቀለል ይሰማል። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። በመንገዱ ዳርና ዳር መስኮቶች ሁሉ ይከፈታሉ። በሩ ይንኳኳና ሳይጠበቅ ይከፈታል። ጥላ ገብቶ ወንበሮችን ሲያነሣ ይታያል።)

ማርጆሪ፦ (በሹክሹክታ) ቪሴንቴ ነው። ይኸው፣ ያወጣል። ጎበዝ። አንድ፣ ሁለት... አራት ያዘ ዛሬስ።

ግሌኒስ፦ እኔ ልውጣ?

ማርጆሪ፦ አትንቀሳቀሺ! ... ይቺ ደግሞ ማናት?

ግሌኒስ፦ የቱ?

ማርጆሪ፦ ጥቁር የለበሰችዋ አሮጊት። ሁለት ወንበር ይዛ ወጣች። ሰላም አለችኝ እኮ! ጃንጥላ ደግኜባት ሰላም አለችኝ!

ግሌኒስ፦ የዳቦ ጋጋሪው እናት ናት። ስታይሽ ደስ ብሏት ነው፤ እስከ ዛሬ ወጥተሽ አታውቂም።

ማርጆሪ፦ ያቺስ? በሁለት እጇ ሕፃን፣ በብብቷ ወንበር?

ግሌኒስ፦ መንታ የወለደችዋ። አንዱን ልያዝላት።

ማርጆሪ፦ ቪሴንቴ ስንት ሠራተኛ ነው የቀጠረው? ወንበር ለመጣል ይህ ሁሉ ሰው?

ግሌኒስ፦ እታለም።

ማርጆሪ፦ ሰውዬው ከረባት አድርጓል እኮ! ወንበር ለመጣል ከረባት?

ግሌኒስ፦ እታለም፣ ተነሺና በበሩ እዪ።

(ማርጆሪ ጃንጥላዋን እንደያዘች በሩ ድረስ ትሄዳለች። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። ወንበሮቹ ግማሽ ክብ ሠርተው በየደጃፉ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ከምግብ ቤቱ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ድመቷም ነቅታለች።)

ማርጆሪ፦ ... ከየት መጡ?

ግሌኒስ፦ ከአልጋቸው።

ማርጆሪ፦ ይህ ሁሉ ሰው?

ግሌኒስ፦ ይህ ሁሉ ሰው። ቀን ሙቀቱን ይተኙታል፤ ማታ ወጥተው በቀዝቃዛው አየር ይቀመጣሉ። የመንገዱ ወንበር የሚቀመጠው እዚህ ቤት ነው። የሬሜዲዮስ እናት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው አሉ። ማታ ያወጣሉ፤ ሲበቃቸው ይመልሳሉ።

ማርጆሪ፦ በየቀኑ?

ግሌኒስ፦ ዝናብ ካልጣለ በየቀኑ። እኔ እኮ ከሰኞ ጀምሮ ስነግርሽ ነበር። አንቺ ፎጣ ታደርጊብኛለሽ።

(ማርጆሪ ከጥግ ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች። የቀረችው ሦስት እግር ያላት ናት፤ ተንገዳግዳ ግድግዳውን ትይዛለች።)

ማርጆሪ፦ ዝምታዬ! ምን ልናከራይ ነው? ጫጫታ? ነፍስ የለም ብዬ ጽፌ፣ ነፍስ ሁሉ ደጄ ላይ! ለመለከተኛው ሰውዬ ምን እላለሁ?

ግሌኒስ፦ መለከቱን ያምጣ በይው። ከበሮ መቺ አላቸው።

ማርጆሪ፦ አልፈርምም። አበቃ። ማን መጥቶ ይከራየናል?

ግሌኒስ፦ ሚስስ ኦግደን ጁላይን በሙሉ ይዛለች። የሆልት እኅትማማቾች ከኦገስት መጀመሪያ ጀምሮ ናቸው። ሴፕቴምበርን ሁለት ሰዎች ተጣልተውበታል፤ አስታርቄ ወሩን ለሁለት አካፈልኳቸው።

ማርጆሪ፦ ምን?

ግሌኒስ፦ የፀጉር ደንበኞቼ ናቸው። ማክሰኞ ደውዬ ነገርኳቸው።

ማርጆሪ፦ ያለ ማስታወቂያ? ምን ብለሽ?

ግሌኒስ፦ ወንበር አለ አልኳቸው።

ማርጆሪ፦ ወንበር አለ ብቻ?

ግሌኒስ፦ ሌላ ምን ልበል? እታለም፣ ሚስስ ኦግደን በየሐሙሱ ትመጣለች። ፀጉሯ እኮ አልቋል፤ የምቆርጠው ነገር የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ሰው አጠገቧ እንዲቆም ብላ ነው የምትመጣው። እንደሷ ያሉ ብዙ አሉኝ። ማንንም ማነጋገር አያስፈልግዎትም ብዬ ብነግራቸው፣ እሱማ ሮችዴልም አለ ይሉኛል።

(ማርጆሪ እንደተቀመጠች በጃንጥላዋ ወደ ስንጥቁ ትጠቁማለች።)

ማርጆሪ፦ ቢሆንም፣ ዋጋውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ይህን ልትወስጂብኝ አትችይም። ስንጥቁን ባላሳይ...

ግሌኒስ፦ ስንጥቁን ማንም አላየውም፣ እታለም። አንቺ ፊቱ ቆመሽ ነበር።

ማርጆሪ፦ እና ለምን አወረደች?

ግሌኒስ፦ ለሆላንዱ ሰውዬ ያልሸጠችለት፣ ወንበሮቹን የት ልጣላቸው ብሎ ስለ ጠየቃት ነው። ጀርመኖቹም እንዲሁ። እሑድ ማታ ወንበሮቹን ምን እንደምናደርጋቸው በፋርማሲስቷ በኩል እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም እዚያው አንዷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወደደችኝ። ግን ዋጋ አላወረደችም።

ማርጆሪ፦ ለምን?

ግሌኒስ፦ አንቺ ጥሩ ነሽ፣ የምታዝዘው ግን ትልቋ ናት፤ እሷ በሩን ቆልፋ ብትተኛስ አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። በማግሥቱ ቪሴንቴ እየሮጠ መጣ።

ማርጆሪ፦ ምን ሆኖ?

ግሌኒስ፦ «እናቴ፣ ትልቋን አታውቂያትም!» አለ። «ሰው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ ወንበሮቹን አውጣ አውጣ ትለኛለች! መንገዱ ላይ ሰው ለማየት ቸኩላለች! ለተቀማጩ ሁሉ የሚሆን ብስኩት በቆርቆሮ አሸክማኛለች፤ እሷ ግን ከትሕትናዋ ብዛት ወጥታ አትታይም፣ በጊዜ ትተኛለች!»

(ማርጆሪ ጃንጥላዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ ታስቀምጣለች።)

ግሌኒስ፦ ሬሜዲዮስ አለቀሰች። ጠዋት ደላላውን ጠርታ ዋጋውን አወረደች። አንቺ እኮ እዚህ መንገድ ላይ ቅድስት ነሽ። መሐል ላይ ያለችዋን ባለ መደገፊያዋን ታያለሽ? ከሰኞ ጀምሮ ለአንቺ ተይዛ ባዶዋን ነው የምታመሸው።

(ግሌኒስ እርጥቡን ፎጣ ከጠረጴዛ ላይ አንሥታ፣ በጥንቃቄ አጥፋ፣ የእኅቷ ራስ ላይ ታደርገዋለች። ማርጆሪ አትከላከልም። ከውጭ ቪሴንቴ ስሟን እየጠራ መደገፊያውን ሲመታ ይሰማል።)

ማርጆሪ፦ ቆይ። ቆይ፣ ቀስ። ወደ ኋላ መልሺና ልየው። ዋጋው የወረደው በእኔ ነው።

ግሌኒስ፦ በአንቺ ነው።

ማርጆሪ፦ አንድ ቃል ሳልናገር።

ግሌኒስ፦ አንድ ነገር ሳታውቂ።

ማርጆሪ፦ (ተነሥታ፣ ፎጣው ራሷ ላይ እንዳለ፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ታቅፋ ወደ በሩ እየሄደች) ታዲያ ከመጀመሪያው ምን አልኩሽ? ድርድር ማለት ይህ ነው። ነይ፣ ያቺን ባለ ሦስት እግሯን አንቺ ያዢያት።

(ይወጣሉ። የመንገዱ ሰው ብድግ ብሎ ይቀበላቸዋል። ስለ ፎጣው ማንም አልጠየቀም፤ የእንግሊዝ ሴቶች የበዓል ልብስ መስሏቸዋል።)

ማርጆሪ ኢዲት ክሌግ በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ጁን 16 ቀን 2017፣ በውል አዋዋዩ ፊት ፈረመች። ቤቱ በዚያ የሙቀት ወራት አንድም ሳምንት ባዶውን አልዋለም። ግሌኒስ የሚቀጥለውን ብርድ ሳታስል አሳለፈች። ሴኞራ ሬሜዲዮስ እርጅና ሲከብዳት የወንበሮቹ ኃላፊነት በመንገዱ ሰው ስምምነት ለማርጆሪ ተሰጠ፤ ማርጆሪም ለባለ ሦስት እግሯ ወንበር አራተኛ እግር አስገጠመች።